ጫማ ሲመሽ ይገዛል

ጋሽ ዱጋሳ ነው የነገረኝ፣ ፖስታ ቤት ጥግ ጫማ ሰፊው፣
የስንቱ ሰው ተረከዝ በጉልበቱ ላይ ያለፈው፤
ክሩን በሰም እየሳበ፣ ቀና ሳይል ከሥራው፣
"ጫማ በጠዋት አይገዛም" አለኝ፣ "ሲመሽ ነው የሚገዛው።
የጠዋት እግር ይዋሻል፤
ተኝቶ ያደረ እግር የሰጡትን ሁሉ ይስማማል።
አዳማ ላይ የእግር ልኩ የሚታየው
ፀሐይ ቀቅላው፣ ቆሞ ውሎ፣ ካበጠ በኋላ ነው።"

እኔማ በጠዋት ነበር የገዛሁት ያንን ቡት፣
ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ገና ሱቁን ሲከፍት፤
"ሲለበስ ይሰፋል እህቴ" ብሎ ሸጠልኝ ነጋዴው።
አልሰፋም። የሰፋው ቁስሌ ነው።

ከዚያ በፊት በኮንጎ ነበር አሸዋ የምሸከም፣
አራተኛ ፎቅ ድረስ፣ በእንጨት መሰላል፣ በዚያ አቅም።
ኮንጎ ለጭቃ ይሆናል፤ ለሚስማር ግን ወረቀት ነው፤
አንድ ሰኞ ከካሳፎርማ ሳንቃ የቀረ ሚስማር አገኘው።
"ምን አድርገሽ ነው?" አለች ነርሷ መርፌውን ስታዘጋጅ።
ኮንጎዬን አሳየኋት።
ሌላ ጥያቄ አልነበራት።

እናም ቅዳሜ፣ የሳምንት ሒሳቤን ይዤ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲል፣
ሲሚንቶ ፀጉሬን አንጥቶት፣ ነፋሱ አቧራ ሲያነሳ ሲጥል፣
ፍራንኮ ወረድኩ፤ እግሬ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ፤
ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። "ቁጥር ስንት?" አለ ሙክታር ቸኩሎ።
"ጠዋት ሠላሳ ስምንት፤ አሁን እንጃ" አልኩት።

አንዱን አቀረበ፣ አፍንጫው የሚያብረቀርቅ፣ ሶሉ በማስቲሽ የተጣበቀ፤
እንደተመከርኩት አጠፍኩት፤ ከዳር በኩል ከንፈሩ ሳቀ።
ሌላው ከበድ ይላል። ስፌቱ ዙሪያውን ይቆጠራል፣
ሶሉ የጣት ውፍረት፣ ቆዳው ገና በሬ በሬ ይሸታል፣
ከፊቱ ብረት አለው፤ በጥፍሬ ስመታው ይመልሳል።
ሌባ ጣቴን ከተረከዜ ኋላ ሰደድኩ፤ ገባ፣ አልተንቀዋለለም።
እስከ ሽንኩርት ሻጮቹ ሄጄ ተመለስኩ፤ የትም አልነከሰኝም።

"የወንድ ነው እኮ" አለ ሙክታር፣ እንደማፈር ብሎ።
"ሚስማሩስ የሴት ነው?" አልኩት።
ዋጋው ወረደ፣ ትንሽ፣ ራሱን ነቅንቆ።

ከጎኑ ደግሞ አንዲት ቡኒ ጫማ ተሰቅላ ነበር፣
ክፍት፣ ለስላሳ፣ ለእሁድ የምትሆን፣ ለሰው ደጅ፣ ለመንደር።
አነሳኋት፤ ላባ ናት። አገላበጥኳት፤
ኪሴን ዳሰስኩ፣
ወደ ሚስማሯ መለስኳት።

ሰኞ ለት "ዘመትሽ እንዴ?" አለ ፎርማን ምትኩ፣
ልጆቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እስኪበቃቸው ሳቁ።
የጎረቤቴ የሲፈን ሠርግ ላይም በዚሁ ሄድኩ፣
አጥቤ፣ ቅባት አስነክቼ፤
ቀሚሴ ረጅም ነው፣ ማንም አላየም፤
ስጨፍር ግን ድንኳኑ ሙሉ ሰማ።

ማታ ማታ እግሬን ውኃ ውስጥ ነክሬ አዳምጠዋለሁ፤
ድሮ ብዙ ያወራ ነበር። አሁን ዝም ብሏል።

ትናንት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ባልዲ በትከሻዬ፣
ረገጥኩት።
ሰማሁት፣ ከታች በኩል፣ አንድ ጊዜ፣ ኳ አለ።
አንኳኳ ሚስማሩ። ማንም አልከፈተለትም።
ባልዲውን ወደ ሌላው ትከሻ አዛውሬ አለፍኩ፤
አርማታው እየደረቀ ነበር።