ሲጠብቅና ሲላላ

ዊኒፔግ፤ ጥር ነው፤ ከሌሊቱ ስምንት።
ከድልድዩ ሥር ወንዙ ጠጥሯል እንደ ብረት።
አልጋ ዐሥራ አራት ላይ ሽማግሌው አሉ፤
አያንኩንሌ ይባላሉ።
ደም አንጎላቸው ላይ ፈሶ፣ ቃላቸው ተሰውሮ፣
እም… እምም… ነው ብቻ፣ ከመሸ ጀምሮ።
እኔም የሌሊት ተረኛዋ፣ ከመዝገቡ ዐምድ ውስጥ
«ያቃስታሉ» ብዬ ጻፍሁ፣ ሳልቀመጥ።
ትናንትም «ያቃስታሉ»፤ ከትናንት ወዲያም።
ማስታገሻው ተጨመረ፤ እምታው ግን አላቆመም።

ልጃቸው መጣች፣ አያንቡኮላ፣ አውቶቡስ ነጂዋ፣
በረዶ ኮቷ ላይ፣ አንገቷ ላይ መታወቂያዋ።
ቆማ አደመጠች፣ ጓንቷን እንኳ ሳታወልቅ።
«ማነው ማቃሰት ያለው? ስሚ፤ ይኼ ከፍ፣ ይኼ መካከል፣ ይኼ ዝቅ።
በእኛ ቋንቋ ‹ኦኮ› ባል ነው፤
ጫፉ ሲነሣ ዶማ፣ ሲወድቅ መኪና፣
ሁለቱም ሲወድቁ ጦር።
ፊደሉ ረግፎባቸው ነው እንጂ ዜማውስ መቼ ጠፋ!»

ከኮቷ ሥር አወጣችው፣ ወገበ ቀጭን ከበሮ፣
ከአፍ እስከ አፉ በጠፍር ተወጥሮ።
ብብቷ ሲጨምቀው ጠፍሩ ይጠብቃል፣ ድምፁ ሽቅብ ይወጣል፤
ብብቷ ሲለቀው ይላላል፣ ቁልቁል ይመጣል።
በቆልማማው ዘንግ ሳይሆን (ሰው ተኝቷል)
በጣቷ ጫፍ ነካችው።
ሽማግሌው ዐይናቸውን ገለጡ።
እምም፣ እም፣ እምም… ረዥም ነው፣ አያልቅም።
«አጭር ቃል ከሌላ ቃል ይምታታል» አለች፣
«ስለዚህ ከበሮ ስም አይጠራም፤ ዙሪያውን ይዞራል።
እንዲህ ነው የሚሉት፦

ነጩ የባሕር ልጅ፣ ድስት የማይንቀው እንግዳ፣
ዘንድሮስ በደጃችን አለፈ፣ እንደ ባዳ።»

ወርቁን ስጠይቃት ሳቋ መጣ፣ አፏን በጓንቷ ያዘች፦
«ሾርባው ጨው የለውም ነው!
ሦስት ቀን ሙሉ፣ እህቴ፣ ሾርባው ጨው የለውም!»

ሐኪሙ ጨው ከልክሏል አልኋት።
በከበሮው ነገረቻቸው።
አንዲት አጭር እም፣ ዝቅ ያለች። አልተረጎመችልኝም።

ሊነጋጋ ሲል «ያቃስታሉ»ን ሰረዝሁ።
ለመዝገቡ የሚሆን እንግሊዝኛ ፈልጌ አጣሁ፤
ከኪሴ ማስታወሻ ላይ፣ በራሴ ፊደል፣ አንዲት ቃል ያዝሁ፦
አሉ።
የእኔ ፊደል ጠፍር የለውም፤
ይጥበቅ፣ ይላላ፣ አይናገርም።
አንተ የምታነበው፣ ብብትህን ጨምቀው፤
ደግሞ ልቀቀው።
አሉ።