የረቡዕ ቡፌ

በሚዛን ነው የኖርኩት፣ ታይዋን በር ሽንኩርት ስመዝን፤
ኪሎ ጎደለ ሲሉኝ ስምል፣ ኪሎ ተረፈ ሲሉኝ ስዝን።
ለዚህ ይሆናል የወደድኩት ያንን ቤት፣
ከዚራ፣ ከዛፎቹ ሥር፣ ሚዛን የሌለበት።
በሩ ላይ በቀለም «እስኪበቃህ ብላ፣ ዋጋው አንድ ነው» ይላል፤
ዝቅ ብሎ፣ በትንሹ፣ «ቋጥሮ መውጣት ክልክል» ተብሏል።

ያገኘው ሰመድ ነው፤ የሳቢያን ጎሚስታ፣
ከሲኖትራክ ጎማ ታግሎ የሚረታ፣
ረሃቡን ታጥቆ፣ ቀበቶውን ፈታ
አድርጎ የሚቀርብ፣ ከትሪ ሊማታ።

ዝም ብለን አልደረስንበትም፤ ከተማውን ዞረናል።
ጣቢያው ፊት ያለው ቤት ሩዙን ያስቀድማል፤
ሩዝ የሞላውን ሆድ ማን ሱፍ ያስታውሰዋል?
ገንደቆሬ ያለው ጭልፋውን አይለቅም፣
የምትጨልፈው ልጅ እጇ ብዙ አይጠልቅም።
አንዱ ሆቴል ደግሞ ሳህኑ የስኒ ማስቀመጫ ያህላል፤
አራቴ ስትነሳ አስተናጋጁ እንደ ሌባ ያይሃል።
የዘርፌ ሳህን ግን ሰፌድ ነው ማለት ይቻላል።

ለምን ረቡዕ ብትሉ፣ እኔ እጾማለሁ፤
በሌላው ቀን የሱን ሥጋ አልቀምስም፣ የኔን እንደማይቀምስ አውቃለሁ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ በሱም ሠርግ በኔም ሠርግ፣
ለየብቻ ድስት፣ ለየብቻ ማዕረግ።
ረቡዕ ግን ትሪው ላይ የታረደ የለም፤
ማን ባረከው አትል፣ የሽሮ ነው ዓለም።
ካንድ ጭልፋ ቀድተን፣ ባንድ ጥግ ከትመን፣
ቬንትሌተሩ ሥር የድሬን ሐሩር ረግመን።

የሱፍ ፍትፍት ነጭ፣ ቀይ ሥሩ እየደማ፣
የምስር ሳምቡሳ፣ ዘይቱ ከጓዳ ሲንጫጫ የሚሰማ።
ስንግ ቃሪያው ተቀዶ ሽንኩርቱን ያሳያል፤
«ይሄን እኔ መዝኜዋለሁ!» እላለሁ፤ ሰመድ ይስቃል፣
ከዚያ ሕጉን ያስታውቃል፦
«ዳቦ ጠላትህ ነው። ውሃ በመጨረሻ።
ሰላጣ ለዓይን ነው፣ አይደለም ለጉርሻ።
መጀመሪያ፣ ሳህን ሳትይዝ፣ ድስቶቹን ጎብኛቸው፤
እንደ አዲስ አማች፣ ስማቸውን ጠይቃቸው።»
ዘርፌም ከገንዘብ ሳጥኗ ጀርባ፣ ገና ሲገባ፣ ያለ ይሉኝታ፦
«አንበጣዬ መጣህ? ማሳዬን አደራህን፣ በጌታ!»

ዘንድሮ ሁለት ወር ሆስፒታል ተኛ።
ከጨጓራው ቆርጠው ወሰዱ፤ ስንት ኪሎ ብዬ አልጠየቅኩም፤ እኛ
እንዲህ ያለውን አንጠይቅም።
የወጣ ቀን ረቡዕ ነበር፤ «እንሂድ» አለ፤ እምቢ አላልኩም።

ሸሚዙ ትከሻው ላይ፣ ገመድ ላይ እንደ ተሰጣ ልብስ።
አንድ ማንኪያ ሽሮ፣ አንድ ድንች። ቀስ
ብሎ ዋጠ። ከዚያ፣ «በቃኝ» አለ።
ሠላሳ ዓመት ከአፉ ያልሰማሁት ቃል ጠረጴዛው ላይ ዋለ።

ዘርፌ መጣች። ከከፈለው ግማሹን መለሰች፣
ከሳህኑ ጎን አኖረች፤ ዓይኑን ግን ሸሸች።
ሰመድ ብሩን አየው፤ ጎማ ሲፈነዳ እንኳ እንዲያ አይደነግጥም።
«ዘርፌ፣ ጽሑፍሽን አንብቢው። ዋጋው አንድ ነው፤ አይቆረጥም።
በቃኝ ያለ ሁሉ ሙሉውን ይከፍላል።
አንሺው» አላት። አነሳችው። መቼም፣ ደንብ ደንብ ይባላል።

ከዚያ ወደኔ ዞሮ፦ «አንተ ምን ተቀምጠሃል?
ሱፉን አልነካህም፤ ሁለተኛ ዙር ይቀርሃል!»
ሄድኩ። መጣሁ። ደግሞ ሄድኩ። እያንዳንዷን ጉርሻ
በዓይኑ እያላመጠ ሸኘኝ እስከ መጨረሻ።
የኔ ሆድ ተወጠረ፤ እሱ ቀበቶውን ፈታ አደረገ፤
«ዛሬስ በላን!» ብሎ፣ ግንባሩን ጠረገ።

ባጃጅ ውስጥ ገብተናል። ዘርፌ ስትሮጥ መጣች፤
በጋዜጣ የቋጠረችውን ጭኔ ላይ ጣለች፤
ሳምቡሳ ነው፤ ትኩስ።
ምንም ሳትል፣ ያንን ጽሑፍ አልፋ ገባች።

ልማድ ነው፣ መዳፌ ላይ ከፍ ዝቅ አድርጌ ያዝኩት።
«ጎደለ?» አለኝ ሰመድ፣ ደረቁን ደቻቱን እያየ።
«ተርፏል» አልኩት።