የራጅ ኮከብ

አባቴ የተነሳው የሆስፒታል ራጅ
ቁም ሳጥን ላይ ነበር፣ የአቧራ ወዳጅ፤
ፖስታው ላይ በእስክሪብቶ «እንየው ታዛይ» ይላል፣
«ወንድ፣ ስልሳ አንድ ዓመት»፤ የቀረው ተፍቋል።
መስኮቱ ላይ ያዝኩት፤ የጎድን አጥንቱ
እርከን እርከን ሠራ እስከ መቀነቱ።

«ከካርቶን ይሻላል፣ ቀለም አያርሰው»
ብሎ ያስተማረኝ ራሱ ነው ያ ሰው፤
ሞጣ ወፍጮ ቤት በር፣ ጆንያ ላይ ስም ሲያትም፣
ፊደል በምላጭ ሲቀድ፣ አንድ ቀን ስቶ አያውቅም።
ከሆስፒታሉ ጓሮ የተጣለ ራጅ ለምኖ
ሲቆርጥ፣ «ባለቤቱን ይማር» ይል ነበር አዝኖ።

እኔ ደግሞ ለገና ካርድ የራሱን አወረድኩ፣
ሌላ ራጅ አጥቼ። ምላጩን በብርጭቆ ሞረድኩ።

ሐኪሙ በብዕሩ «እዚህ ጋ ነው» ያለው
ነጭ ነቁጥ ነበረ፣ ሳንባው የከለለው፤
እዚያ ላይ ምላጬን ቀስ አድርጌ ሰካሁ፣
ስምንት ጫፍ ያላት አንድ ኮከብ አወጣሁ።
ዝቅ ብዬ፣ ከጎድኑ ስር፣ ቀን ቆረጥኩ በግዕዝ፤
«ታኅሣሥ ፳፱»፣ እጄ ሳይደነዝዝ።

ወረቀቱ የሲሚንቶ ከረጢት ነው፣ የውስጠኛው ልባስ፣
ሻይ ቅጠል ያጠቆረው፣ ብራና እስኪመስል ድረስ፤
ስፖንጁ ከፍራሹ ጫፍ፣ ከግርጌ የተቦጨቀ፣
ቢጫው እርድ ነው፣ በእንቁላል አስኳል የደመቀ።
ሐምራዊው የቁስል መድኃኒት፤ ጠርሙሱ ግማሽ ቀርቶታል፣
ለሰውዬው ጀርባ ተገዝቶ። አሁን የሰብአ ሰገል ካባ ሆኗል።
በረቱን በጤፍ ጭድ አቆምኩ፤ ሙጫው ዱቄት ነው፣ የፈላ፤
ለእመቤታችን ጥለት መዘዝኩ ከአሮጌ ነጠላ።
ከዚያ በጥርስ ብሩሽ ነጩን ረጨሁ፣ አንዴ ቀረብ፣ አንዴ ሩቅ፤
በረዶ እንዳይመስላችሁ! ሞጣ ላይ፣ ለገና፣ በረዶ?
ከአውድማ ነፋስ ያነሳው ነው፣ እብቅ።

አርባ ካርድ አሰጣሁ መነኻሪያው አጥር ስር።
መሪጌታ አዱኛው አንዷን አነሱ፤ መነጽር
የላቸውም፣ በክንድ ልክ አራቋት።
«ኮከቧ ታምራለች፤ ቀኗ ግን አልቀና፤
ዮሐንስ ነው ዘመኑ፣ ጳጉሜን ስድስት ነበረችና
በሃያ ስምንት ነው፣ ልጄ፣ ዘንድሮ ገና።»

ጳጉሜን ስድስት! እኔ ያቺን ቀን ልርሳት እንዴ?
አባዬ ያረፈባትን፣ በአራት ዓመት አንዴ
ብቅ የምትለዋን! ሙት ዓመቱን መቼ እንበል ብለው
አክስቴና የነፍስ አባቱ እስካሁን እንደተኳረፉ ነው።
ለካስ ያቺው ቀን ናት፣ እሱን ይዛ ስትሄድ፣
ገናን ስባ ያመጣችው፣ አንድ ሌሊት የሚያህል መንገድ።

ማታ መብራት ጠፋ። በስልኬ ባትሪ
የተረፈውን ደረት፣ ትከሻ፣ አንገት፣ ሳላስቀር ፍርፋሪ፣
ባቄላ ባቄላ የሚያህል አርባ ኮከብ አደረግኩት፤
በየካርዱ ፱ን ቀድጄ፣ ቀዳዳው ላይ ለጠፍኩት፣
ላዩ ላይ በመርፌ ጫፍ ፰ን ጭሬ።
የመጀመሪያዋን፣ ነቁጥ ያለባትን፣ ለማንም አልሰጠኋትም፤
ክብሪት ቀፎ ውስጥ ናት።

በነጋታው ነርስ ውባለም አንድ ካርድ ገዛች፤
ልማድ ሆኖባት ወደ ፀሐይ አቅንታ ያዘች፣
ኮከቧን በአንድ ዓይኗ አየች። ስም የለው፣ ፖስታ የለው።
«ባለቤቱን ይማር» አለች፣ ማን እንደሆነ ሳታውቀው።

«አሜን» ብዬ መልሷን ቆጠርኩላት፣ አምስት ብር።