ከመቶ ስንት

አሥራ ሰባት ዓመት ጆንያ ተሸክሜ፣
ከመኪና መጋዘን፣ ከመጋዘን መኪና ስመላለስ ከርሜ፣
በኅዳር ጥድፊያ ላይ፣ ጤዛ ያረሰው ሳንቃ
ከእግሬ ሥር ሸሸና፣ ወደቅኩ፤ ነገሩ አበቃ።

አበቃ ያልኩት እኔ ነኝ፤
መንግሥት ግን «ገና ነው» አለኝ።

«መውደቅህ በምን ይታወቃል?» አለች መስኮት ላይ ያለችው፣
ማኅተሟን ነክራ፣ መዝገቡን ገልጣ እያየችው።
ክፉ ሰው አይደለችም፤ ወንበር ስባልኛለች፤
«መቀመጥም አልችል» ስላት አንገቷን ደፋች።

መጀመሪያ ስሜ። መታወቂያው በቁቤ ነው፣ አንዲት ፊደል ረዝሟል፤
የደሞዝ መዝገቡ ግን በአማርኛ አሳጥሮኛል።
«ናዚፍ ወደቀ ብንል፣
ነዚፍ ምን ሆኖ ይጦራል?»
ሁለት ሳምንት ቀበሌ፣ ለአንዲት ፊደል ርዝመት፣
«ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው» የሚል ደብዳቤ ለማግኘት።

አሠሪዬ ደግሞ «ከቤቱ ጣራ ላይ ወድቆ ነው» ብሎ ጻፈልኝ።
ጣራዬን ያየ ይፍረድ፤ እንኳን ከላዩ ሊጥለኝ፣
ገና ከደጃፉ ግንባሬን የሚመታኝ!

ምስክር? አወል ነበረ፣ ከኋላዬ የተሸከመ፤
የፈሰሰው ቡና ላይ ስተኛ ስሜን እየጠራ የቆመ።
ግን አወል የቀን ሠራተኛ ነው፣ ነገ በሩ ላይ የሚቆም፤
«አየሁ» ካለ፣ ለእሱ ነገ የሚባል ቀን የለም።
ሁለት ጊዜ ጠራሁት፤ ሁለቴም «ልጄ ታሟል» አለኝ።
አልተቀየምኩም፤ በእሱ ቦታ ብሆን፣ የእኔም ልጅ ይታመም ነበር መሰለኝ።

ከዚያ ቦርድ ተባለ። ማክሰኞ፣ ሦስት ሰዓት፣
ሁለተኛ ፎቅ። ሃያ ስድስት ደረጃ፤ ከታች ቆሜ ቆጠርኩት።
ሊፍቱ ተበላሽቷል፤ ወረቀት ተለጥፎበታል፤
ወረቀቱም አርጅቷል፣ ጫፉ ተገልብጧል።
ብወጣው፣ «በእግሩ መጣ፤ ምን ሆነና?» ይላሉ፤
ብቀር፣ ነዚፍንም ናዚፍንም ባንድ ጭረት ይሰርዛሉ።

ግድግዳ ተደግፌ ሳለሁ አወል መጣ፣
የመጋዘን አቧራ በሽፋሽፍቱ።
«ልጅህስ?» አልኩት። «ዳነ» አለ፤ ፈገግ አላለም፤
ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ፤ ሌላ ቃል አልተናገረም።
ሃያ ስድስቱን አንድ ባንድ፣ እንደ ሥራው ሳይቸኩል ወጣ፣
ትንፋሹን በጥርሱ ይዞ፣ ላቡ በአንገቱ ሲመጣ።
ጆንያ ሆኜ አየሁ፣ ጆንያ የሚያየውን፦
ማጅራት ላይ የተላጠውን፣ እንደ ጫማ ሶል የደነደነውን።
ሲያወርደኝ፣ ክብደት በትከሻው የሚያውቅ ሰው፣
«ሰባ ስምንት ነበርክ፤ ዛሬ ሃምሳ አምስት ነው።»
ሃያ ሦስት ኪሎ የት ሄደ? አልተጻፈም በየትም፤
ተሸካሚ ጠየቀኝ እንጂ ሐኪም አልጠየቀኝም።

ሦስት ነበሩ። አንዷ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ይዛ አየች፤
«ጎንበስ በል፤ ቀና በል፤ የእግርህን ጣት ንካ» አለች።
«ያማል?» «ያማል።» «ከመቶ ስንት?»
እኔ መቶ ሲሉኝ ኩንታል ነው የሚታየኝ፣
አፉ በሲባጎ የተሰፋ፣ ሁለት ሰው አንስቶ የሚያሸክመኝ።
«ከአሥር ካነሰ፣» አለ መሀለኛው፣ «ጡረታ የለም፤ ሕጉ ነው።»
አሥር ከመቶ! በእኛ መጋዘን ከጆንያ ቀዳዳ የሚፈሰው፣
ሴቶች ማታ በመጥረጊያ የሚሰበስቡት ነው።

«እንዴት ወጣህ?» አለ ሌላው።
«በጀርባ» አልኩት።
ጻፈ። ምን እንደጻፈ አላየሁም፤
«በማን ጀርባ?» ብሎ አልጠየቀኝም።

ያኔ በሩ ተገፋ። አወል፣ ኮፍያው በእጁ፣ ሳይጠራ፦
«ከኋላው የነበርኩት እኔ ነኝ፤ አይቻለሁ ሳንቃው ሲከዳው።»
«ይህ የሕክምና ቦርድ ነው፤
ምስክር በሌላ መስኮት ነው» አሉት፣ በትሕትና።

ውጤቱ በደብዳቤ ይገለጻል።
ወረድን። መውረድ ከመውጣት ይብሳል፤
የጫነ ሁሉ ያውቀዋል።
አዌቱ ድልድይ ላይ የግንቦት ዝናብ ያዘን፤
ፋይሌን ከሸሚዜ ሥር፣ ጀርባዬ ላይ አጣበቅኩት።
«ልያዝልህ?» አለ አወል። «ተወው» አልኩት።
አሥራ አንድ ቅጠል ወረቀት ናት፤
ይቺን እንኳ ልሸከማት።