ሲስተም የለም

አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ከመስኮት ሦስት ኋላ
ያንኑ ቃል ደገምኩ ፊቴ ሳይቀላ፦
«ሲስተም የለም፣ እናት። ሲስተም የለም፣ አባት።
ነገ ጠዋት ይምጡ፣ ካልሆነም ሌላ ዕለት።»

ሲስተሙ ግን ነበር። አረንጓዴ መብራቱ
ከጠረጴዛዬ ሥር ሲጠቅሰኝ በየሰዓቱ።
ያልነበረው ብር ነው። ካዝናው ጠዋት ሲከፈት
አንድ እስር ያረጀ አሥር ብር፣ ጥቂት የላስቲክ ማሰሪያ፣
ጥግ ላይ የደረቀች በረሮ፣
ሌላው ባዶ። ስናስል ያስተጋባል።

«ሲስተም የለም በሉ» ያለን ሥራ አስኪያጁ፣
እሱን ያዘዘው ዲስትሪክቱ፣ ዲስትሪክቱን ዋናው መሥሪያ ቤት፣
ዋናውን ያዘዘው ስልክ
ቁጥሩን አያሳይም።

ውጭ የአዳማ ቀትር አስፋልቱን እንደ ሰም ሲያላላ
ሰልፉ ከበሩ ተነሥቶ እስከ ጎሚስታው ጥላ።
ንፋሱ አቧራውን ዘግኖ ፊታቸው ላይ ይበትናል፤
ማንም አይነቃነቅም፣ ተራው ይነጠቃል።
ሁንዴ አለ፣ ፈረሱን ሸጦ ለባጃጅ ያጠራቀመ፣
ጋሪውም ፈረሱም ሄደው በእግሩ መጥቶ የቆመ።
ትሁኔ አለች፣ የመቂ ሽንኩርት አከፋፋይ፣
ገበሬው «ዋጋዬን» ብሎ ደጇ ላይ ያደረባት።
«መንግሥት ዋስ ነው ስትሉን ነበር» አለችኝና ሳቀች፤
«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ብላ ተራዋን ጠበቀች።

አቶ ጉርሜሳ ግን፣ የወንጂው አገዳ ቆራጭ፣
የጡረታ ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣
በአሥራ አንደኛው ቀን መስኮቴን ተደግፈው
«ልጄ» አሉኝ፣ «ይህ ሲስተም የምትሉት ሰውዬ
የማን ልጅ ነው? ቤቱን ብትነግሪኝ
ሄጄ ልጠይቀው፣ ታሞም እንደሁ።»

በማግስቱ አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ተጠራ።
መድረኩ ላይ ሁለት ወንበር፣ በመሐል የታሸገ ውሃ።
ሹሙ ተነሣ፦ «ባንከኞቹ ናቸው። ያለ በቂ ዋስ አበደሩ።»
ባንከኛው ተነሣ፦ «ደብዳቤ መጣልን።
‹ለልማት ነው፣ ይፋጠን› ይላል ግርጌው።»
ተጨበጨበ። ለሁለቱም።

እኔ ያንን ፋይል አውቀዋለሁ፤
ፎቅ ለፎቅ ያመላለስኩት እኔ ነኝ።
ብድሩ ለአንድ ሕንፃ ነበር፤
ዋስትናው ያው ሕንፃ፣ ገና ያልተሠራው።
ዛሬም ከቦኩ ተራራ ሲያዩት
የባሕር ዛፍ መወጣጫ ለብሶ ቆሟል፣ እርግቦች ገብተውበታል።
የጻፈው እጅ «አልፈረምኩም» ይላል፣ እውነቱን ነው።
የፈረመው እጅ «አልጻፍኩም» ይላል፣ እውነቱን ነው።
በሁለት እውነት መሐል የሁንዴ ፈረስ ጠፋ።
ማኅተሙን የመታሁትስ?
ቀለሙ እንዲደርቅ እፍ ያልኩበት?

ማን ይጠየቅ ካላችሁኝ
አቶ ጉርሜሳ ያጫወቱኝን ልንገራችሁ።
ወንጂ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ካቦው ስም ይጠራል፤
አቤት ያላለ የዚያን ቀን ሒሳብ የለውም።
ያመመውም፣ የተጣላውም፣ ሰክሮ ያደረውም
በየስሙ አቤት ይላል።
በሠላሳ ሁለት ዓመት አንድም ሰው
በአቤት ፈንታ «እገሌን ጠይቁ» ሲል አልሰሙም።

ይጠሩ እንግዲህ፣ በሙሉ ስም፣ ከነአያት።
ሹሙ ደብዳቤውን ይዞ፣ ባንከኛው ፊርማውን።
ካቦ ጠፍቶም እንደሁ
ያ ሰልፍ ካቦ ይሁን፤ መቆም ለምዷል።

«ሲስተም የለም» ስል የዋሸሁ መስሎኝ ነበር።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን መጡ፣ ያው ፌስታል በብብታቸው።
«ዛሬስ ሰውዬው ገባ?»
«ሰው አይደለም፣ አባቴ። የሌለው ብሩ ነው።
እያወቅሁ ያመላለስኩዎትም እኔ ነኝ።»
ዝም አሉ። ደብተሩን ሁለት ዙር ጠቀለሉት፣ እንደ ቁስል።
«ስምሽ ማነው?» አሉኝ።
ነገርኳቸው፣ ከነአያቴ።