ሠላሳ ሴንቲ ሜትር

ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ ሰፈር ሲያለብስ፣
"ቆራሌው!" ይላል ልጁ፣ "ያለሽ ባዶ ጠርሙስ!"
ሰው ያለውን ሊሸጥ ከቤት ሲወጣለት
እኔ ልገዛው ነው የምሮጥለት።
ጆንያው ይዘረገፋል ሸዋ በር ጥግ ላይ፤
ጎረቤት ይስቃል፣ ዝገት ከዝገት ሲገናኝ ሲያይ።

አሉኝ መደርደሪያ ላይ፣ ከመድኃኒቴ አጠገብ፦
የደረት ዓርማ፣ ቢጫ ጫጩት፣ ዝገት የበላው በደንብ፤
የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ፣ ጳጉሜው የተቀደደ፤
የደብተር ሽፋን፣ ጠርዙ የነደደ፤
"የጫጩቶች ሰዓት አባል" የሚል ካርድ፣
ጣሪያ ሰንጥቆ ገብቶ ስሙን ያጠበው በረድ።

አንዱም የኔ አልነበረም።

ቅዳሜ ዐሥር ሰዓት፣ ያኔ፣ እንዴት ብዬ ላስረዳ፣
ሬዲዮ ያለው ቤት ነበረበት የሰፈር ልጅ ዕዳ።
እንድሪስ ሱቅ ፊት እንኮለኮላለን ጉልበት ለጉልበት፣
የደከመውን ድንጋይ ፀሐይ አስጥተን፣ ነፍስ እንዲዘራበት።
ሴትዮዋ ከሳጥኑ ውስጥ "እናንተ ጫጩቶች" ስትል
ቀና እል ነበር፣ እኔን ብቻ የጠራች ይመስል።
"ስድስት የድንጋይ ልጣጭ በፖስታ የላከ
ማስመሪያ ይደርሰዋል!" አለች። ልቤ ተንበረከከ።

ላጥሁ፦ ከጉድፍ ክምር፣ ከአጎቴ የእጅ ባትሪ፤
ስድስተኛዋን ከጦይባ ተበደርሁ፣ ከጎኔ ተማሪ።
ላክሁ። ክረምት ገባ። ሐረጎ ተናደ፣ መኪና ቆመ፤
የፖስታ ቤቱ ሰውዬ "የለም" እያለኝ ደከመ።
በመስከረም ጦይባ ከደብተሯ መሐል ማስመሪያ አወጣች፤
በክንዷ ሸፍና፣ ሳታየኝ፣ መስመሯን አሰመረች።

ሐሙስ ዕለት፣ ከጆንያው ሥር፣ ከሲሚንቶ ከረጢት መሐል፣
አንዲት እንጨት ወጣች፤ ጫጩቷ ደብዝዛለች፣ ቁጥሩ ይነበባል፤
ከአንድ እስከ ሠላሳ፣ ዐሥራ ሰባት ላይ በጥርስ ተነክሳ፤
በጀርባዋ በምስማር፦ "ጦይባ ይመር፣ 3ኛ ለ"።
አፌ መከራከር ረሳ።

ኮምቦልቻ ናት አሉኝ፣ ከጨርቃ ጨርቁ ጡረታ የወጣች።
ደወልሁ። ስሜን ሰምታ ቆየች። ሳቀች።
"ዐሥራ ሰባት ላይ ተነክሳለች?"
"አዎ።"
"አረቡ፣ ያቺ እኮ ያንተ ነበረች።
ፖስታው በስምህ ትምህርት ቤት መጣ፣ አንተ ታመህ ቀርተህ፤
ልጣጬን ግን መች መለስህ ተበድረህ?"

ለካ ባለ ዕዳው እኔ ነኝ።

"ልጣጬን አምጣ፣" አለች፣ "ያኔ ያንተ ትሁን።"
ፒያሳን፣ አራዳን፣ ሰኞ ገበያን ዞርሁ፤ ጠየቅሁ ሱቁን ሁሉን።
ገዛሁ፤ በጥፍሬ ሞከርሁ፤ በቢላ።
የዛሬ ድንጋይ
አይላጥም።