የተበላ ቅጠል

ዛፎቹ ወደ ላይ፣ ፀሐይ ሽሚያ ናቸው፤
ሪሙው፣ ታዋው፣ ሁሉም፣ ሰማይ ነው ዐይናቸው።
ካዋካዋ ግን ታች፣ ጅረቱን ተጠግታ፣
በፈርኑ ጃንጥላ ትኖራለች ረግታ።
ግንዷ አንጓ በአንጓ፣ የሽማግሌ ጣት፣
ዘመዷስ ማን ቢሉ፣ ቁንዶ በርበሬ ናት።
ቅጠሏ የልብ ቅርጽ፣ ግን እንደ ወንፊት ነው፤
ትል ነው ሌት እየመጣ ጎርሶ የበሳው።
ኬሬሩ የሚሏት ወፍራም የዱር እርግብ
ፍሬዋን ለቃቅማ ትላለች ጥግብ።

ኢሃያ ችግኝ ሻጭ፣ በሮቶሩዋ መንገድ፣
ቅጠሉን ይጠርጋል፣ ያብሳል አንድ በአንድ።
መርዝ እየነፋበት፣ ትል እያባረረ፣
እንከን አልባ አድርጎ ሁሉን አሳመረ።
ገዢው ወደደለት፤ «ያምራል» አለ፣ «ጥሩ»፤
አንዱ ለሳሎኑ፣ አንዱ ለደጅ በሩ።

አንድ ቀን አክስቱ ማካሬታ መጣች፤
«ጉልበቴን አሞኛል፣ ቅጠል ስጠኝ» አለች፤
«ቀቅዬ ልጠጣ።»
ሮጦ አመጣላት ከሁሉ የሚያምረውን፣
ቀዳዳ የሌለውን፣ ወዙ የሚያበራውን።
ወደ ብርሃን ያዘች፣ አገላብጣ አየችው፣
አሸተተችና ጠረጴዛው ላይ ተወችው።
«ይሄን ማን ቀመሰው?»
ዝም።
«ትል እንኳ የናቀው
የእኔን ሕመም እንዴት፣ በየት በኩል ሊያውቀው?»

ጫካ ይዛው ገባች። ያካፋል። ጭቃ ነው።
ዱላዋ ሲቀድም፣ እሷ ስትከተለው፣
«ፀሐይ መውጫ በኩል፣ ከዚህ ጎን ቅጠፍ፤
ከአንዷ ሁለት፣ ሦስት፤ ገላዋን አትግፈፍ።
ትሉ ሞኝ አይደለም፣ ምርጡን ነው የሚበላ፤
እሱ ቀድሞ ይቅመስ፣ አንተ ከእሱ ኋላ።»
ቀጠፈ። ከፍ አርጎ በቀዳዳው ቢያይ፣
ምስር ምስር አክሎ ይታያል ሰማይ።

በዓመቱ፣ በሐምሌ፣ እዚያ ውርጭ ሲጠና፣
ማካሬታ ዐረፈች፤ ለቅሶው ረዘመና
ሦስት ቀን ሆነ።
ሴቶቹ ጥቁር ለብሰው፣
ካዋካዋ ጎንጉነው፣ ራሳቸው ላይ አስረው፣
የአባቶቿን ስም፣ የወንዟን ስም ጠሩ።
ኢሃያም አሰረ። ከየት እንደቀጠፈው
ትሉ ያውቃል።
ጎንበስ ሲል ሊሰናበታት፣ ከመስኮቱ ጨረር መጣ፣
በአክሊሉ ቀዳዳ ሾልኮ እየወጣ፣
ግንባሯ ላይ አረፈ፣ ጉንጯ ላይ፣ አገጯ ላይ፣
ምስር ምስር አክሎ።
ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው።

ዛሬ መርዝ መንፊያው ጓዳ ተጥሎ ዝጓል።
ገዢ ይመጣና አንድ ችግኝ ያነሣል፦
«ይሄ እኮ ተበልቷል!»
«አዎን» ይላል፣ «ተበልቷል።
ዋጋው ግን አይቀንስም።»